የንቢቱ አንዲት ቃል

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ በፊት ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ቀጭ ይላል ወይስ ያ የታዘዘልሽ ቅባት ነገር አደረገለት? ዓይንሽስ? ፊደሉን እንዲህ አጉልቼ የጻፍኩት፣ መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰክተሽ ቤት ምድሩን ስታተራምሺ እንዳትውዪ ብዬ ነው። ባልሽ ጋሼስ እንዴት ነው? ያ የጠዋት ጠዋት ሳል ለቀቀው? ልጅሽስ፣ ዳቦ ቤቱ ሥራ በረታባት ወይስ ቀለል አለላት? ናፍቆታችሁ ሲቆጠቁጠኝ ሁላችሁንም በየተራ እያሰብኩ እስቃለሁ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ልቤን ከጠየቅሽኝ ግን እንደ አሮጌ መኪና ሞተር ሆኗል፤ ቆሞም ይንቀጠቀጣል።

ባለፈው በስልክ የጮኽሽብኝን አልረሳሁም። «ደህና ናት የምትለውን ወሬ ለሌላ ሰው ንገር፤ እኔ የምፈልገው ምን እንደምትበላ፣ እንዴት እንደምትተኛ፣ ቤቱን ማን እንደያዘው ነው» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ግን ንቢቱ አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማች እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሰው ፊቱ ቁጭ ብሎ እንደ ዕቃ ማማት ይከብዳል። ስለዚህ ዛሬ ቀትር ላይ ጋደም ስትል ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ሳልቀባባ ነው የምጽፍልሽ፤ አንቺም ሳትደነግጪ አንብቢው።

ባለቤቴን ንቢቱ ያልሻት አንቺ ነሽ። ስታጋቢን «አንተ መሪህን ይዘህ አገር ላገር ስትዞር፣ ይቺ ቤትህን ማር ታደርግልሃለች» ብለሽኝ ነበር። እውነትም አደረገች። እኔ ያን ሁሉ ዘመን የጭነት መኪና ስነዳ፣ አንሶላው እንዴት እንደሚነጣ፣ ድስት ውስጥ ያለው ነገር እንዴት እዚያ እንደደረሰ አስቤ አላውቅም። ስመጣ ምግብ አለ፤ ስሄድ ስንቅ አለ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወጥ ቤት ብቅ ስል «ወንበርህ እዚያ ነው» ትለኛለች። እኔም ወንበሬን አውቅ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት የታጠበ አንሶላ ልታሰጣ ግቢ ወጣች። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እቦርሻለሁ። ሳፋ ሲወድቅ ሰማሁ። ከእጇ ዕቃ ወድቆ ስለማያውቅ ቀና ብዬ አየሁ። አንሶላው ገመዱ ላይ በግማሽ ተንጠልጥሏል። እሷ ገመዱን በግራ እጇ ጨብጣ፣ ቀኝ እጇ እንደ ባዶ እጅጌ ተንዘላዝሎ፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ፣ እኔን ታየኛለች። ልትነግረኝ የፈለገችው ነገር አለ። የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። ሆስፒታል ስንደርስ ስትሮክ ነው አሉን። ቶሎ በመድረሷ ነፍሷ ተረፈች፤ እግሯም ቀስ በቀስ ተመልሶላት አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ቀኝ እጇ እንደ እንግዳ ሰው እጅ ጭኗ ላይ ይቀመጣል። አንደበቷ ግን ተዘጋ።

ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉን ታውቃለች፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከዚያ ሁሉ ጨዋታዋ ግን አንዲት ቃል ብቻ ቀረቻት፤ «እኮ»። ለምን እሷ እንደቀረች ሐኪሞቹም አያውቁትም። ውሃ ሲጠማት «እኮ» ናት። ስትናደድ «እኮ!» ትላለች። ሲያስቃት «እኮ… እኮ…» እያለች ትንቀጠቀጣለች። ሲከፋት ደግሞ በቀስታ «እኮ» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔም የሞተር ድምፅ እንደማዳምጠው ሁሉ ቃሏን ትቼ ዜማዋን ማዳመጥ ተማርኩ። ተማርኩ ብዬም ልቤ አበጠ። ጉድ የሠራኝ ይኸው እብጠቴ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ቤቱን ማን ያዘው ላልሽኝ፣ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱም እኔን ይዞኛል። መጀመሪያ ሩዝ ቀቀልኩ። አልወጣ ቢለኝ ድስቱን ገልብጬ ብመታው እንደ ጡብ በአንድነት ዱብ አለ። ንቢቱ በምርኩዟ ጫፍ ነካ አደረገችውና «እኮ» አለች፤ «ለአጥር ግንብ ይሁን» ማለቷ እንደሆነ አልጠፋኝም። ሻይ ውስጥ ጨው ጨመርኩ። ጨውና ስኳሩ አንድ ዓይነት ብልቃጥ ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ እሷ ሳታይ ታነሳቸው ነበር። ነጩን ልብስ ከቀይ ፎጣ ጋር ዘፍዝፌ የውስጥ ሱሪዬን ሳይቀር የሙሽራ ጉንጭ አስመሰልኩት። ሽንኩርት ስከትፍ ደግሞ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ገብታ ዕንባዬን ብታይ ክፉ ወሬ የመጣ መስሏት ክው ብላ ቀረች። ሽንኩርቱን ባሳያት ወንበር ላይ ዘፍ አለችና «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሰው ይገድላሉ!» አለችኝ።

እያደር ግን ለመድኩ። የምስር ሾርባ ይወጣልኝ ጀመር። ንቢቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበሯን አስደርጋ በምርኩዟ ታዘኛለች። ወለሉን አንዴ ስትመታ ጠብቅ ነው፤ ደጋግማ ስትመታ አማስል ነው። ሽንኩርቱን ሳይቀላ ውሃ ልጨምር ስል የምትመታው አመታት ደግሞ ጎረቤት ያሰማል።

እስካሁን የነገርኩሽ ሳቁን ነው። ከሥሩ ያለውን ልንገርሽ። ፈራሁ፣ እታለም። ዳቦ ልገዛ ስወጣ በሩን ቆልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ተመልሼ ከፍቼ አያታለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ድምፅ ስታጠፋ ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ፤ ውሃው ሲንቧቧ ስሰማ ነው ትንፋሼ የሚመለሰው። ጋደም ስትል ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ቆሜ እጠብቃለሁ። ጭነት ይዤ በዝናብ ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን እምቢ ብሎኝ ያውቃል፤ ያኔ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ያኔ ቢያንስ መሪው በእጄ ነበር።

የንግግር ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። «አባባ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላት። የለመደችውን ሥራ በእጇ ያስይዟት። ቃል ሲጠፋት ደግሞ ቀድመው አይጨርሱላት» አለችኝ። ንቢቱ ከመታመሟ በፊት የጀመረችው አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ነበር፤ ባሏ ባሕር ላይ የጠፋባት ሴት ወሬውን ፍለጋ ከወደብ ወደብ ስትዞር የሚተርክ። እኔ ከመንገድ ምልክት በቀር ጮክ ብዬ ያነበብኩት ነገር የለም። እየተደነቃቀፍኩ ጀመርኩ። ጸሐፊው ፀሐይ ስትጠልቅ ገጽ ሙሉ ሲያወራ፣ ምን ታመጣለች ብዬ እዘላለሁ። ወዲያው ምርኩዙ ወለሉን ይመታዋል፤ «እኮ!» እሷ ወሬው የት ጋ እንደተሰበረ ታውቃለች። «እሺ፣ ትጥለቅ» እልና ወደኋላ ተመልሼ አነባለሁ።

ማንበቡ ሲሆንልን ሥራው ግን እምቢ አለ። ለኔ ሹራብ ጀምራልኝ ነበር፤ አረንጓዴ፣ አንድ እጅጌው ብቻ የቀረ። ቅርጫቱን አምጥቼ ጭኗ ላይ ሳስቀምጥላት መርፌዎቹን ዝም ብላ አየቻቸው። ከዚያ በግራ እጇ ቅርጫቱን ገፍታ ጣለችው፤ ክሩ እየተተረተረ አልጋ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ዘጋት። ያበሰልኩትን ሁሉ ቀምሳ ትገፋዋለች። ጉንጯ ሲጎድል፣ ቀሚሷ ሲሰፋት እያየሁ ምን ላድርግ? ሾርባውን ባጣፍጠው ትበላለች እያልኩ እዚያ ድስት ላይ እንደ ጠንቋይ ተደፍቼ እውላለሁ።

ልጃችን በየቀኑ ይደውላል። መንገድ ቀያሽ ሆኖ ሥራው ከኛ ከተማ ራቅ ማለቱን ታውቂያለሽ። «አባዬ፣ እማዬን ላምጣት። ሆስፒታሉ ቅርባችን ነው፤ ቤቱም ይበቃል፤ አንተም ና» ይለኛል። እኔ ደግሞ «የእናትህ ጎጆ እዚህ ነው። ከቤቷ ከነቀልናት ትሞትብናለች» እለዋለሁ። ይህን ስል ለእሷ የምሟገት ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ነው ያ ቀን የመጣው። ምስሩን ጥጄ፣ ጋዙን ዝቅ አድርጌ፣ እስኪበስል አንድ ምዕራፍ ብዬ መጽሐፉን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። ሴትዮዋ ባሏን በዓይኔ አይቻለሁ የሚል መርከበኛ አግኝታለች። ልቤ ተሰቀለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የማነበው ለንቢቱ መሆኑ ቀርቶ ለራሴ ሆኖ ነበር። በመሃል «እኮ» አለች። አንድ መስመር ዘልዬ ስለነበር ተመልሼ አነበብኩ። «እኮ! እኮ!» እያለች ወለሉን ትደበድበው ጀመር። «እንዴ! አሁን አልዘለልኩም!» ብዬ ጮኽኩባትና ቀጠልኩ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ ባይ አይደለሁ! ምርኩዟን አንስታ እየተጎተተች ወጣች። የተቆጣች መስሎኝ «አንቺ ሴት፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ ጨርሰን!» እያልኩ ገጽ ስገልጥ፣ መተላለፊያው ላይ ስትወድቅ ሰማሁ። ጭሱ የሸተተኝ ያኔ ነው።

ድስቱ አርሯል። አጠገቡ ያንጠለጠልኩት ፎጣ እሳት ይዞ ወደ መጋረጃው ተሻግሯል። ንቢቱ ወለሉ ላይ ተዘርራ በግራ እጇ ወደ እሳቱ ትጠቁመኛለች። እሷን ላንሳ ወይስ እሳቱን ላጥፋ? ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ ስንት አደጋ አይቼ እጅና እግሬ እንዲህ ከድቶኝ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ጭሱን በመስኮቷ አይታ ባትደርስ ኖሮ ዛሬ ሌላ ደብዳቤ ነበር የምጽፍልሽ። ሳፋ ውስጥ የዘፈዘፍኩትን አንሶላ ከነውሃው አፍሳ መጋረጃው ላይ ወረወረችው። «ጋሼ፣ ጋዙን! ጋዙን ይዝጉት!» ብላ ስትጮህብኝ ነው እጄ የታዘዘልኝ። መዳፌ ተላጠ። የንቢቱ ጉልበት አበጠ፣ ግንባሯ ተጫረ። ከዚያ የከፋ አልደረሰብንም። እሷን አንስቼ ሳስቀምጣት ዓይኗን ማየት አልቻልኩም፤ እሷ ግን ጥላሸት በነካው እጇ ጉንጬን ዳሰስ አደረገችኝ።

ልጃችን በማግስቱ ደረሰ። የጠቆረውን ግድግዳ ቆሞ አየው፣ በጣቱ ጠረግ አደረገውና ጣቱን አየ። «አባዬ፣ እስካሁን የሰማሁህ አክብሬህ ነው። አሁን ይብቃ። ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። «አንተስ?» ሲለኝ ግን «እኔ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም» አልኩ። ግትርነት በይው፣ እፍረት በይው፤ እኔም አልለየሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጃችን ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍቶ ልብሷን ያጣጥፋል። እኔ መድኃኒቷን እለያለሁ። ልብስ ሰፊዋ ልትሰናበት መጥታ ንቢቱ አጠገብ ተቀመጠች። ይቺ ሴት አፏም እጇም ሥራ ፈቶ አያውቅም። አልጋ ሥር የተገኘውን ሹራብ አነሳችና «እትዬ፣ እጅጌ ብቻ እኮ ነው የቀረው። እርስዎ ግራውን ይያዙልኝ፤ እኔ ቀኝ እጅ እሆንልዎታለሁ» ብላ አንዱን መርፌ በግራ እጇ አስያዘቻት። አሁን ትወረውረዋለች ብዬ ተሸማቀቅኩ። አልወረወረችውም። ልብስ ሰፊዋ በሌላው መርፌ ክሩን እየጠመጠመች ቀለበት ትጨምራለች፤ ከዚያ ጋር ስለ አንዲት ደንበኛዋና ስለ ጠባብ ቀሚሷ ታወራለች። መቼም በዚያ ወሬ ላይ ቆጠራ አይያዝም። «ስንት አልን? ይሁን፣ ከዚህ እንቀጥል» አለች። ንቢቱ «እኮ» አለች። ልብስ ሰፊዋ መሥራቷን ቀጠለች። «እኮ!»

ያኔ ንቢቱ መርፌዋን ከፍ አድርጋ ቀለበቶቹን በዓይኗ እየለቀመች «አንድ» አለች። «ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» አልተንተባተበችም። ድምፁ የራሷ ነው፤ ያ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ቆጣ የሚል ድምፅ። ልጃችን የያዘው ካልሲ ከእጁ ወደቀ። መስመሩ እስኪያልቅ ቆጠረችና ልብስ ሰፊዋን «አየሽ?» በሚል ዓይን አየቻት። ያቺ ወሬኛ ዕድሜ ልኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጣች።

ልጃችን እግሯ ሥር ተንበርክኮ «እማዬ፣ ስሜን ጥሪኝ» አላት። አፏን ከፈተች፣ ታገለች፣ ላብ አጠመቃት። «እኮ» አለች። እሱም አለቀሰ። ለሐኪሟ ደወልንላት። «ደስ ይበላችሁ፣ ግን አትቸኩሉ» አለችን። ቁጥርና ዘፈን በጭንቅላታችን ውስጥ በሌላ መንገድ ነው የሚሄዱት፤ ዋናው መንገድ ሲዘጋ አንዳንዴ የጓሮው ክፍት ሆኖ ይገኛል፤ በዚያ ገብቶ ዋናውን መጥረግ ይቻል ይሆናል አለች። ለሾፌርና ለመንገድ ቀያሽ ከዚህ የበለጠ የሚገባ አነጋገር የለም። ያለችው ግን «ይሆናል» ነው፤ እኔም ላንቺ «ይሆናል» ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር ወጋኝ። እኔና ልጄ ትሂድ፣ አትሂድ እያልን ያን ሁሉ ስንሟገት እሷን አንድም ቀን አልጠየቅናትም። አንደበት ስላጣች ሐሳብም ያጣች አስመሰልናት። አጠገቧ ተቀመጥኩና «ንቢቱ፣ እዚህ ትቀሪያለሽ ወይስ ልጅሽ ጋ ትሄጃለሽ? አንቺ ያልሽው ይሆናል» አልኳት። መልሷን አውቃለሁ ብዬ ነበር። ተነስታ ልብሷን ከሻንጣው እያወጣች መልሳ መሳቢያ ውስጥ ስትከት ገና ሳትነሳ ታየኝ።

እውነትም ተነሳች። ሻንጣውን ግን አልነካችውም። በምርኩዟ እየተጎተተች ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች፤ የኔን መሳቢያ ስባ ከፈተች፤ ሸሚዜን አወጣች። ምርኩዟን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ግድግዳ በትከሻዋ እየተደገፈች ተመልሳ፣ ሻንጣው ውስጥ ከቀሚሷ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ሄዳ ሱሪዬን አመጣች። ልጃችን ሊያግዛት ሲነሳ ክንዱን ይዤ አስቀረሁት። ከቤቱ ሲነቀል የሚሞት የመሰለው ሰው እሷ አልነበረችም፣ እታለም። እኔ ነበርኩ። እሷ ስትፈራ የነበረው እኔን ከዚያ ከጠቆረ ግድግዳ ጋር ትታ መሄዱን ነው።

እነሆ አሁን ልጃችን ቤት ነን፣ አራተኛ ፎቅ። ምራታችን አስተማሪ ናት፤ ሁለቱ ጠዋት ሲወጡ ወጥ ቤቱ ለኔና ለንቢቱ ይቀራል። መጀመሪያ በሰው ምድጃ ፊት ክብሪት ስጭር ያ መጋረጃ ይታየኝ ነበር። አሁን ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። እሳት ከለኮስኩ ከወጥ ቤት ንቅንቅ አልልም፤ መጽሐፉም እዚያው ድስቱ አጠገብ ነው የሚነበበው። ሴትዮዋ ባሏን እስካሁን አላገኘችውም፤ መርከበኛው ቀጣፊ ነበር።

አንድ ጣውላ ላይ ከሥር ሁለት ምስማር መትቼ ጫፋቸውን ወደ ላይ አወጣሁላት። ድንቹን እዚያ ላይ ትሰካና በግራ እጇ ትልጠዋለች። የመጀመሪያውን ድንች ስትልጥ ልጣጩ ወፍሮ ወፍሮ ድንቹ እንደ ለውዝ ሆኖ ወጣ። ምራታችን ያቺን ድንች ለብቻዋ ሳህን ላይ አድርጋ፣ ጨው ነስንሳባት፣ በክብር በላቻት። ለሹራቡ ደግሞ ከመሣሪያ ሳጥኔ ትንሿን ሞርሳ አውጥቼ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሰርኳት። ሞርሳዋ አንዱን መርፌ ነክሳ ትይዛለች፤ ንቢቱ በሌላው ትሠራለች፣ እየቆጠረች። መስመሩ ይጣመምባታል፣ ትፈታዋለች፣ በዚያችው ቃሏ ትሰድበዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። እህልም መቅመስ ጀምራለች፤ የኔን ሾርባ ሳይሆን የራሷን ድንች ስለሆነ ነው መሰለኝ።

ሥጋቴ ግን አብሮኝ ፎቅ ወጥቷል። የደም ግፊቷ አንዳንድ ቀን ይሰቀላል። አንዴ የመጣ ሁለተኛ ሊመጣ ይችላል ብለውኛል፤ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ዕቃ በወደቀ ቁጥር ልቤ አብሮ ይወድቃል። ትናንት ምራታችን ማንኪያ ጥላ እኔ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ደረጃውን ስትወርድ ከፊቷ እኔ፣ ከኋላዋ ልጃችን፣ እንደ ሰባራ ዕቃ ነው የምንይዛት። በዚህ ላይ ቁጥሩ ሌላ ቃል አላስከተለም። በየጠዋቱ ዛሬ ትናገር ይሆን እላለሁ፤ ማታ ላይ ደግሞ ነገ እላለሁ።

ባለፈው እሁድ ግን አንድ ነገር ሆነ። ምሳ ቀርቦ ሳህን ስደረድር ንቢቱ በጣቷ እየጠቆመች መቁጠር ጀመረች። ልጃችንን «አንድ» አለች። ምራታችንን «ሁለት»፣ እኔን «ሦስት»፣ ራሷን «አራት»። ሰው ስትቆጥር ስናያት የመጀመሪያችን ስለነበር ልናጨበጭብ ነው። እሷ ግን መስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ወንበር ጠቁማ «አምስት» አለች። ልጃችን ቀስ ብሎ «እማዬ፣ አራት ነን» አላት። ምርኩዟን አንስታ ወንበሩን መታችው። «አምስት!» ወደ ስልኬ ዞርኩ። ሐሳቧ የተምታታ ከመሰላችሁ ቶሎ ንገሩኝ ብላን ነበር ሐኪሟ።

ምራታችን ግን እንደኔ አልደነገጠችም። ወንበሩን አየችና «እማማ፣ ሰው ነው?» አለቻት። ንቢቱ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ሐኪሟ ያስተማረቻት ነው፣ አዎ ማለት ነው። «ልብስ ሰፊዋ ናት?» አይደለም በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ሐኪሟ?» አሁንም ነቀነቀች። እኔን ታየኛለች፤ «ምን ትቆማለህ? አንተ ታውቀዋለህ» በሚል ዓይን። «እታለም?» አልኳት። መዳፏ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ምሳው እስኪቀዘቅዝ አላነሳችውም።

ጉልበትሽን አውቃለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሊፍቱም አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ያኮርፋል። ነይ ማለት ቀላል ነገር እንዳልሆነ አይጠፋኝም፤ እኔ ብሆን የምጠራሽ አፌ ባልታዘዘልኝ። የጠራችሽ ግን እሷ ናት። ከዚያ እሁድ ወዲህ በየምሳው አንድ ሳህን በግራ እጇ ወስዳ እዚያ ወንበር ፊት ታስቀምጣለች። ላንሳው ስል እጄን በምርኩዟ ትመታኛለች። የተረፈንን ጊዜ ማንም ቆጥሮ አልነገረንም፣ እታለም፤ ልጅሽ እጅሽን ይዛ አውቶቡስ ላይ ታስቀምጥሽ፣ ልጃችን መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ይቀበልሻል። አትዘግዪ።

ጋሼን አጥብቀሽ ሳሚልኝ፤ ሻዩን ትኩስ ትኩሱን ይጠጣ፣ በሳሉም አይኩራራ። ልጅሽን፣ ዳቦ ጋጋሪዋን፣ አጎትሽ ሩዝ ድንጋይ ሳያደርግ ማብሰል ተምሯል በያትና ትሳቅብኝ። ታች ቤት ያለችውን ተከራይሽንም፣ መድኃኒትሽን የምታመላልስልሽን ደግ ሴት፣ እጅ ንሺልኝ። ልጃችንና ምራታችን ትከሻሽን ስመዋል። ንቢቱም… ይኸው የምርኩዟ ድምፅ መጣ፣ ነቅታለች። ሄጄ ልያት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከልጃችን ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን